ቁጥሩ ገጠመ ማለት ብቻውን አይበቃም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ሳቢያን እኖራለሁ፤ ሥራዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ቢሆንም ሳታሳጥሩ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ነገር አለ። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ፣ ማለትም ፔሪዮዲክ ቴብል፣ ውስጥ የተደበቀ የቁጥር ምስጢር ተገኘ ይላል። ተማሪዎቼ ይልኩልኛል፣ ጎረቤት ይልክልኛል። አንዱ ጽሑፍ ካርቦን 6 ፕሮቶን፣ 6 ኒውትሮንና 6 ኤሌክትሮን አለው፣ ስለዚህ 666 ነው፣ ስለዚህ የአውሬው ቁጥር ሥጋችን ላይ ታትሟል ይላል። ሌላው የወርቅን የሰንጠረዥ ተራ ቁጥር 79ን ይወስድና 7 ሲደመር 9 16፣ 1 ሲደመር 6 ደግሞ 7 ይሆናል፣ ሰባት ፍጹም ቁጥር ስለሆነ ነው ወርቅ የከበረው ይላል።

እነዚህን ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም። የሚልኩልኝ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። ቁጥር ከንጥረ ነገሮች በታች እንዳለ መጠርጠራቸውም ልክ ነው። በርግጥ አለ! የጎደላቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄ ቁጥር ገና ያላየሁትን ነገር ይነግረኛል ወይ?

ወርቁን በዚህ ጥያቄ እንየው። ድኝ 16ኛ ነው፤ 1 ሲደመር 6 ሰባት ነው። ማንጋኒዝ 25ኛ ነው፣ እሱም ሰባት ነው። ሴሌኒየም 34ኛ ነው፣ ያው ሰባት። በዚህ አደማመር ከዘጠኝ ንጥረ ነገር አንዱ ሰባት መውጣቱ አይቀርም። ታዲያ ድኝ ለምን እንደ ወርቅ አልከበረም? ካርቦንም ቢሆን ከመቶ አቶሞቹ አንዱ ግድም 7 ኒውትሮን ያለው ነው፣ 8 ያለውም አለ፣ የጥንት አጥንት ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን 14 እሱ ነው። የሚመቸውን አንዱን አንስቶ የማይመቸውን መተው ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ እውነተኛው ልግባ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ድሬ የኖረ ሰው ውሃችንን ያውቃል። ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ከተማችን የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ውሃ ደግሞ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንም የቆሙት በዚሁ ድንጋይ ነው። ይሄ ካልሲየም ሁለት ዘመዶች አሉት፣ ስትሮንሺየምና ባሪየም። ጠባያቸው ይመሳሰላል። ዶበራይነር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና አንድ ነገር አየ። የመካከለኛው የአቶም ክብደት (ሃይድሮጅንን 1 ግድም ብለን ስንለካው) የሁለቱ ዳርና ዳር አማካይ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በምናውቀው ክብደት ብንሠራው ካልሲየም 40፣ ባሪየም 137፣ አማካያቸው 88.5። ስትሮንሺየም 87.6 ነው። ሊቲየም 7፣ ፖታሲየም 39፣ አማካያቸው 23። ሶዲየም 23 ነው! ክሎሪን 35.5፣ አዮዲን 127፣ አማካያቸው 81 ገደማ፤ ብሮሚን 80 ነው።

ይሄን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ልጆቹ ዝም ይላሉ። ቆንጆ ነው። ግን ዶበራይነር ለምን እንዲህ እንደሆነ መናገር አልቻለም፤ በዘመኑ የሚታወቁት ንጥረ ነገሮች ጥቂት ነበሩ፣ ክብደታቸውም በደንብ አልተለካም ነበር። ብዙዎቹ ንጥረ ነገሮች ደግሞ በሦስት በሦስት አልመደብ አሉ።

ምክንያቱ የታወቀው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው፣ እሱም በጣም ቀላል ሒሳብ ነው። ክብደቱን ተዉትና ተራ ቁጥሩን፣ አቶሚክ ቁጥሩን፣ ማለትም በሰንጠረዡ ስንተኛ እንደሆነ ተመልከቱ። ሊቲየም 3፣ ሶዲየም 11፣ ፖታሲየም 19። ልዩነቱ 8 እና 8። ካልሲየም 20፣ ስትሮንሺየም 38፣ ባሪየም 56። 18 እና 18። ክሎሪን 17፣ ብሮሚን 35፣ አዮዲን 53። አሁንም 18 እና 18። መካከለኛው በእኩል ርቀት ላይ ስለተቀመጠ ነው አማካይ የሆነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ታዲያ እነዚህ 8 እና 18 ከየት መጡ? የሰንጠረዡን አግድም ረድፎች ቁጠሩ። የመጀመሪያው 2 ንጥረ ነገር አለው፣ ቀጥሎ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32። ደምሩት፣ 118 ይመጣል፤ እስከ ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች ብዛት ነው። አሁን እያንዳንዱን በሁለት አካፍሉ፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16። አንድ ጊዜ አንድ፣ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ አራት ጊዜ አራት። እነዚህ ካሬዎች ደግሞ የጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ናቸው፦ 1፤ 1 እና 3 አራት፤ 1፣ 3 እና 5 ዘጠኝ፤ 1፣ 3፣ 5 እና 7 አሥራ ስድስት። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚደምረው ነው። 11ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ደግሞ ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ ብሎ በቃሉ የያዘው ያው እሱ ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ኦርቢታል፣ ማለትም የኤሌክትሮን ማደሪያ፣ እያንዳንዱ ሁለት ኤሌክትሮን ይይዛል። ለምን ሁለት ብቻ ለሚለው በ1925 የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ሕጉን አስቀመጠ፤ አንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሆነው መገኘት አይችሉም። ጎዶሎ ቁጥሮቹ ደግሞ ኤሌክትሮን በሦስት አቅጣጫ ባለው ሕዋ ውስጥ ሊኖረው ከሚችለው ቅርጽ የሚመጡ ናቸው፣ ከኳንተም ሜካኒክስ ተሰልተው ይወጣሉ። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አላሰማመራቸውም።

ቁጥሩ ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑ የሚታወቀው ሲገጥም ብቻ ሳይሆን ሳይገጥምም ምክንያቱን ሲነግረን ነው። አንድ ሙከራ ልንገራችሁ፣ በካልኩሌተር ማንም ይሠራዋል። ጀርማኒየምን ሸፍኑት። ከላዩ ሲሊከን 28.1፣ ከታቹ ቲን 118.7፣ ከግራው ጋሊየም 69.7፣ ከቀኙ አርሴኒክ 74.9። ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ፣ 72.85 ይመጣል። የጀርማኒየም ክብደት 72.6 ነው። አሁን አንድ ረድፍ ውረዱና ቲንን ሸፍኑት። ላዩ ጀርማኒየም 72.6፣ ታቹ እርሳስ 207.2፣ ግራው ኢንዲየም 114.8፣ ቀኙ አንቲሞኒ 121.8። አማካዩ 129.1 ነው። ቲን ግን 118.7 ነው፣ በጣም ይራራቃል። ለምን? ከጀርማኒየም እስከ ቲን 18 ነው፣ ከቲን እስከ እርሳስ ግን 32 ነው። ከታች በኩል 14 ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ገብተውበታል፣ እነዚያ ከሰንጠረዡ በታች ለብቻቸው የሚጻፉት። ልጆች ሲያዩዋቸው ለጌጥ የተቀመጡ ይመስላቸዋል፤ የቲንን ሒሳብ ያበላሹት ግን እነሱ ናቸው። ይሄን ያገኘ ተማሪ ሰንጠረዡን ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

ሒሳቡን አምኖ ያልታየውን በድፍረት የተናገረው ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ ነው። በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ባዶ ቦታ ተወ፣ ቀጥሎም በባዶው ቦታ የሚገቡት ምን ዓይነት እንደሆኑ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ብዋቦድራን ጋሊየምን አገኘ። እፍጋቱን፣ ማለትም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ሲለካ 4.7 አገኘ። ሜንዴሌቭ ያን ብረት በዓይኑ አላየውም፣ ግን 5.9 ግድም መሆን አለበት፣ አጥርተህ እንደገና ለካው አለው። ሌኮክ አጥርቶ ሲለካው 5.9 ሆነ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብረቱን በእጁ የያዘውን ሰው፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው በወረቀት አረመው ማለት ነው። በ1879 ስካንዲየም፣ በ1886 ጀርማኒየም ተገኙ፣ እነሱም እንደተባሉት ሆኑ።

ሜንዴሌቭ የሳተበትም አለ። ከሃይድሮጅን የሚቀል ንጥረ ነገር አለ ብሎ ነበር፣ ኮሮኒየም የሚባልም እውነት መስሎት ነበር። የሉም። ኮሮኒየም የተባለው በፀሐይ ዙሪያ የሚታይ አረንጓዴ ብርሃን በኋላ ሲጣራ ብዙ ኤሌክትሮን የተገፈፈ ብረት (አይረን) ሆኖ ተገኘ። ይሄ ክብሩን አይቀንስበትም። የሚለውን በግልጽ ስለተናገረ ነው የሳተበትም የታወቀው።

ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ኒውላንድስ በየስምንቱ ጠባይ ይደገማል ብሎ ነበር። በ1866 ለኬሚስቶች ማኅበር ሲያቀርበው አንዱ ተነስቶ በፊደል ተራስ ደርድረህ ሞክረሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰው ሳቀበት። ሐሳቡ ውስጥ ግን እውነት ነበረው፤ ችግሩ ባዶ ቦታ አለመተዉ ነው፣ ሁሉንም ለማስገባት አንዳንድ ቦታ ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ይጨምር ነበር፣ ከካልሲየም በኋላም ስምንቱ አይሠራም። በ1887 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ሜዳሊያ ሸለመው፣ ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፕራውትም አለ፣ በ1815 የሁሉም ክብደት የሃይድሮጅን ብዜት ነው ያለው። ክሎሪን 35.5 ሆኖ አስቸገረው። ግማሽ ሃይድሮጅን ከየት ይመጣል? ሐሳቡ ተጣለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ክሎሪን ሁለት ዓይነት አቶም እንዳለው ታወቀ፣ 35 እና 37፣ ሦስት ሩቡ ቀላሉ ነው። 35.5 የድብልቁ አማካይ ነበር። ለዚህ ነው ልጆችን የማይገጥመውን ቁጥር እንዳይጥሉት የምለምናቸው።

ተራ ቁጥሩ ራሱ የሚለካ እውነት መሆኑን ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ከእሱ በፊት 53 ማለት በክብደት ስንደረድራቸው 53ኛ ላይ የደረሰ ማለት ብቻ ነበር። ያም ችግር ነበረበት፤ ቴሉሪየም 127.6፣ አዮዲን 126.9 ስለሆነ በክብደት ከሄድን አዮዲን ይቀድማል፣ በጠባዩ ግን ከብሮሚን ሥር መግባት አለበት። ሞዝሊ በ1913 ከየንጥረ ነገሩ የሚወጣውን ኤክስ ሬይ ለካ። የንዝረቱን ብዛት ስኩዌር ሩት ሲያወጣ ንጥረ ነገሮቹ በቀጥታ መስመር ላይ ተራ በተራ ተሰለፉ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ክርክሩ አለቀ። መስመሩ ላይ የጎደሉትም ታዩ፣ 43፣ 61 እና 75። ሦስቱም በኋላ ተገኙ። ሞዝሊ ግን አላያቸውም፣ በ1915 ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ በ27 ዓመቱ ተገደለ። ይሄን በተናገርኩ ቁጥር ያመኛል።

አንድ ሰው ልጨምር፣ ምክንያቱም መምህር ነበር። ዮሐን ባልመር በባዝል ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሃይድሮጅን ሲበራ የሚሰጣቸው አራት ቀለሞች አሉ፣ የሞገድ ርዝመታቸው በናኖሜትር 656.3፣ 486.1፣ 434.0 እና 410.2። ባልመር በ1885፣ ስድሳ ዓመት ግድም ሆኖት፣ አራቱም 364.6 በክፍልፋይ ሲባዛ እንደሚመጡ አገኘ። ክፍልፋዮቹ 9/5፣ 4/3፣ 25/21 እና 9/8 ናቸው። ሞክሩት፣ ይመጣል። ፎርሙላው ለአምስተኛውና ለስድስተኛውም ቀለም ይናገር ነበር፣ እነሱም በተባለበት ቦታ ላይ ተገኙ። ምክንያቱን የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ቦር የነገረን በ1913 ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ሳያውቁ ቁጥር መፈለግ ነውር አይደለም። ባልመር ግን የሚቀጥለውን ቀለም ቦታ አስቀድሞ የሚናገር ፎርሙላ ሰጠን። የቴሌግራሙ 666 የሚቀጥለውን ምን ይላል? ምንም።

አቦ፣ እኛ እኮ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ሒሳብ፣ ውሰዱ። በእሱ ውስጥ መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፣ ምክንያቱም ያው አንድ ቁጥር (ወንበር) ለአንዱ በ19 ለሌላው በ11 እየተባዛ በ30 ስለሚገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ወጥቶ ቀሪው ስለሚያዝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ጨረቃ በዚያው ቀን ግድም ወደዚያው መልኳ ትመለሳለች፣ ወጥቶ ማየት ይቻላል። እየዞረ የሚመለስ ቁጥር ምን እንደሆነ አባቶቻችን በጣታቸው እየቆጠሩ ያውቁት ነበር። የስምን ፊደል ቆጥሮ በ12 ገድፎ ዕድል መናገር ግን ሌላ ነው፤ መግደፉ ያው ነው፣ ወጥቶ የሚታይ ጨረቃ ግን የለውም።

እውነት የሆነ የቁጥር ሐሳብ ሁሉ አዲስ ግኝት ነው ማለትም አይደለም፣ እሱንም መለየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 4፣ 20፣ 56፣ 120 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ብርቱካን በሦስት ማዕዘን እየተቆለለ ሲሄድ የሚመጡ ቁጥሮች ናቸው፣ አንድ አንድ እየተዘለለ። ቤሪሊየም 4ኛ፣ ካልሲየም 20ኛ፣ ባሪየም 56ኛ ነው፣ ሦስቱም አንድ ዓምድ ላይ ናቸው፣ 120ኛውም እዚያው ዓምድ ላይ እንደሚውል ይጠበቃል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ይሄን በራሱ ቢያገኝ እንቅልፍ ያሳጣዋል። ግን ልዩነታቸውን ውሰዱ፦ 16፣ 36፣ 64። ከ4 ጋር የ2፣ የ4፣ የ6 እና የ8 ካሬዎች ናቸው። ማለትም ያው 2፣ 8፣ 18፣ 32 ሁለት ሁለት ጊዜ ሲደመሩ የሚመጣ ነው። እውነት ነው፣ ያምራል፣ ግን ቀድሞ የምናውቀው ሕግ ሌላ ገጽ ነው። ሕጉም ቢሆን ያልተፈጸመለት ነገር አለ። ክሮሚየምና መዳብ ኤሌክትሮናቸውን እንደተጠበቀው አይደረድሩም። ከመጀመሪያው በቀር ረድፎቹ ለምን ሁለት ሁለት ጊዜ እንደሚደገሙ የሚናገረው የአሞላል ደንብም የተገኘው በልምድ ነው፣ ከመሠረታዊው ሕግ በንጹሕ ሒሳብ አውጥቶ ሁሉንም ያሳመነ የለም። 119ኛውንና 120ኛውን ንጥረ ነገር እስካሁን ማንም አልሠራም። ቁጥር ለሚወድ ልጅ ቦታው እዚህ ነው።

የናንተን እርዳታ የምፈልገው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቁጥር ምስጢር አገኘሁ የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጸሐፊውን ጠይቁት፦ ይሄ ቁጥር ገና ያልተለካ ምን ነገር ይነግረናል? ካልገጠመስ በምን እናውቃለን? መልስ ካለው ገጹን ሙሉ ስጡት፣ እኔም አነበዋለሁ። ከሌለው ይቆይ።

ሁለተኛው ለሥራ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች በዜማ ማስሸምደድ እናቁም አልልም፣ ፈተና አለ። ግን ሰንጠረዡን ሞልተን ከመስጠታችን በፊት ቀዳዳ ያለውን እንስጣቸው። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ይሄን ማድረግ ይችላል፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የሚፈልገው። በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚጥላቸው ልጆች እንኳን ቁጥሩ ሲመጣ ይነቃሉ።

ጋዜጣው ላይ ቦታ ካገኛችሁ ሰንጠረዡን አንድ ሳጥን ባዶ አድርጋችሁ አውጡት፣ አንባቢ ይሙላው፣ መልሱን በሚቀጥለው እትም ስጡ። ሴሌኒየምን ብትሸፍኑት ጥሩ ነው፤ ላዩ ድኝ 32.1፣ ታቹ ቴሉሪየም 127.6፣ ግራው አርሴኒክ 74.9፣ ቀኙ ብሮሚን 79.9 ነው። መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪ መምህር፣ ድሬዳዋ